የአቶ ብርሃነ ሥላሴ ጆሮ

መጋቢት ተጋምሶ እንኳ የስቶክሆልም በረዶ ገና አልሄድም ብሎ በየጥጋጥጉ ጠቁሮ በተከመረበት አንድ ዓርብ፣ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ከመሀል ከተማ ወደ ሪንከቢ በሚሄደው ሰማያዊ ባቡር ተሳፍረው ነበር። ፊታቸውን ያኮሳተረው ግን ብርዱ አልነበረም። የልጅ ልጃቸውን ምኞትን ከዳጊስ፣ ማለትም ከሕፃናት መዋያው፣ የሚያመጡበት የመጨረሻው ቀን ነበርና ነው። ምራታቸው ብርቅአየሁ ትናንት ከእራት በኋላ፣ “አባባ፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ቀደም ብዬ ከሥራ ወጥቼ አመጣታለሁ፤ እርስዎ ይረፉ” ብላቸው ነበር። በጨዋ ቤት “ይረፉ” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አቶ ብርሃነ ሥላሴ አሳምረው ያውቃሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በዚህ አገር የቀረቻቸው ሥራ ያቺው አንዲቱ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ምኞት አምስት ዓመቷ ነው። እዚህ እንዳደጉት እንደ ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች አማርኛውን ትሰማለች፤ መልሱን ግን በስዊድንኛ ታቀብላለች። አያትየው ይህን ሲታገሡ ሲታገሡ ቆዩና አንድ ቀን ሕግ አወጡ። በስዊድንኛ ካናገረቻቸው “አልሰማሁም” ይላሉ። ስዊድኖች የአባትን አባት እንደሚጠሩት “ፋርፋር” ካለቻቸው ከነጭራሹ ዞር አይሉም። ልጅቷ መጀመሪያ የደነቆሩ መስሏት ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ቀጥሎ አለቀሰች። በመጨረሻ ዝም አለች። ከገና ወዲህ ለአያቷ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሊወስዷት ሲመጡ፣ በመግቢያው ላይ ከተሰቀሉት የልጆች ካፖርቶች ሥር ገብታ ተሸሸገች።

ልጃቸው ደጀኔ ሰው ማስቀየም የማይሆንለት ነው። የሰለቸው ሰው ግን የሚናገረው አይጠፋውምና፣ “አባባ፣ በቃ ሁላችንም በቤት ውስጥ ስዊድንኛ እናውራና ሰላም እንሁን” ብሎ ነበር። ለአቶ ብርሃነ ሥላሴ ይህ ሰላም ሳይሆን ቀብር ነው። እንግዲህ በዚያ ዓርብ ሽማግሌው ሁለት ነገር ሊያጡ ቋፍ ላይ ነበሩ፤ ልጅቱንም ቋንቋውንም። ያም ሆኖ ሕጋቸው ስሕተት አለበት ብለው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠረጠሩም።

ባቡሩ ሰንድቢቤሪ ጣቢያ ሲደርስ ቆመና ቀረ። ከፊት ባለው ባቡር ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ታሞ ሐኪም እየተጠበቀ መሆኑን ነጂዋ በድምፅ ማጉያ ተናገረች። ሰዉ ጋዜጣውን ገለጠ። አቶ ብርሃነ ሥላሴ ግን የሚገልጡት ስላልነበራቸው ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠችውን ወጣት ማየት ጀመሩ። መልኳ ያገራቸው ልጅ መሆኗን ይናገራል። ዓይናቸውን የሳበው ግን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው፣ በቀይና በቡናማ ክር እንደ መረብ የተቋጠረ ቦርሳ ነበር።

“እንደምን ዋሉ አባባ?” አለች፣ እያዩዋት መሆኑን አውቃ ራሷን ዝቅ በማድረግ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ ልጄ? ይህ መረብ የየት አገር ሥራ ነው?”

“የፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለ ደሴት ነው። ለፎሽክኒንግ ሄጄ በቅርቡ ነው የተመለስኩት።”

“ለምን ሄድሽ?”

“ለፎሽክኒንግ።”

“አማርኛ የለውም?” አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው።

ልጅቷ አፈረች። “ለጥናት ነው” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። መስኮቱ ደግሞ ከጣቢያው የድንጋይ ግድግዳ በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ነገሩን ሊተዉት ነበር። ቋጠሮው ግን አላስቀምጥ አላቸው። “እንዲህ ያለ አቋጣጠር በልጅነቴ አውቃለሁ” አሉ ለስለስ ብለው። “የሐይቅ ልጅ ነኝ። ከዝዋይ ደሴቶች ባንዱ ነው የተወለድኩት። አጎቴ መረብ ይቋጥር ነበር። ብርሃነ ሥላሴ እባላለሁ።”

“ፌበን እባላለሁ” አለች ፈገግ ብላ። “ይህን ሴቶች ናቸው ከዛፍ ልጥ ፈትለው የሚቋጥሩት። ስሙን ‘ቢሉም’ ይሉታል። ያስተናገደችኝ እናት ስሸኝ ሰጠችኝ።”

“እና ምን አጠናሽ?”

“ቋንቋቸውን። በዚያ አገር ከስምንት መቶ በላይ ቋንቋ አለ።”

“እንግዲያው የባቢሎን ግንብ የተናደው እዚያ ላይ ነው በይኛ።”

ፌበን ሳቀች። “እኔ የነበርኩባትን መንደር ቋንቋ የሚናገር ሰው አራት መቶ ቢሞላ ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ጋራውን ሲያልፉ ደግሞ ሌላ። ከአንዱ መንደር ጢስ ሲወጣ ከሌላው ይታያል፤ ቋንቋቸው ግን አይገናኝም።”

“ታዲያ በምን ይጋባሉ? በምን ይገበያያሉ?”

“ያስተናገደችኝ እናት ራሷ ከጋራው ማዶ ተድራ የመጣች ናት። ባሏን በእናቷ ቋንቋ ታናግረዋለች፤ እሱ በራሱ ይመልስላታል። ልጅ ወልደው፣ ድረው፣ ሸምግለው ዛሬም እንደዚያው ናቸው። እኔ መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳይ ለካ ሲቀላለዱ ነው።”

“ከሁለት አንዱ አይሸነፍም?”

“ትግል ነው ብለው ካላሰቡት ማን ይሸነፋል አባባ? በዚያች መንደር ሰውን ናቀ የሚባለው ሲያናግሩት ጆሮውን የነፈገ ነው። በራሱ ቋንቋ የመለሰ አይደለም።”

ይህች ቃል አቶ ብርሃነ ሥላሴን የነካቻቸው በማይፈልጉት ቦታ ነበር። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” አሉ በሆዳቸው። በአፋቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸውና የራሳቸውን ታሪክ አወጉ። ሕጉን፣ “አልሰማሁም”ን፣ “ፋርፋር”ን አንድ ሳያስቀሩ፣ እንዲያውም ኮራ ብለው ነገሯት። ካፖርቶቹ ሥር የተሸሸገችበት ላይ ሲደርሱ ግን ኩራቱ ከድምፃቸው ወጥቶ ሄደ።

“እንግዲህ ፍረጂኝ” አሉ ሲጨርሱ። “አጥር የሌለው እርሻ የማንም መፈንጫ ነው። እኔ ያጠርኩት ላሳጣት ሳይሆን ላወርሳት ነው።”

“ሐሳብዎ ቅን ነው” አለች ፌበን። “በእኔ ላይ እንዲህ ቢያጥሩብኝ ኖሮ ግን ዛሬ ከእርስዎ ጋር አማርኛ አላወራም ነበር።”

“ቆይ፤ ያንቺ ሰዎች ነገር ከኛ ጋር አይገጥምም። እነሱ ወንዝ ተሻግረው ቢያገቡ ቋንቋቸው ከወንዙ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። አማቻቸው፣ አክስታቸው፣ ገበያቸው ይናገረዋል። እኛ ግን ስዊድን ነን። ስዊድንኛ ባሕር ነው ልጄ፤ ወንዝ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስዊድንኛ፣ ቴሌቪዥኑ ስዊድንኛ፣ የአሻንጉሊቱ ሳጥን ሳይቀር ስዊድንኛ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አማርኛ ያለው እኔው ዘንድ ብቻ ነው። እኔ ካልጠበቅሁት ማን ይጠብቀው?”

ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ፌበንም ጥሩ ክርክር ሲቀርብላት የሚከፋት ዓይነት ምሁር አልነበረችም።

“እውነትዎን ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው” አለች። “እንዲያውም እርስዎ የሚሉት ዓይነት መንደር አይቻለሁ። በጀልባ ወደታች አንድ ቀን ይወስዳል። እዚያ መንገዱም ሱቁም ስለገባ ቶክ ፒሲን የሚሉት የገበያ ቋንቋ ባሕር ሆኖባቸዋል። የመንደሩን ቋንቋ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ‘ቋንቋችሁን ምን አጠፋው?’ ብዬ ብጠይቃቸው ‘ልጆቹ እምቢ አሉ’ አሉኝ።”

“ይኸው! እንደኛው ልጆች!”

“ልጆቹን ደግሞ ለብቻቸው ጠየቅኳቸው። እነሱ ምን እንዳሉኝ ልንገርዎ? ‘አንድ ቃል ስንሳሳት ይስቁብናል፤ በገበያው ቋንቋ ስንመልስ ይቆጡናል፤ እንግዲህ ዝም አልን’ አሉኝ። አባባ፣ ባሕሩ ከውጭ መጥቷል፤ እሱን ማንም አላቆመውም። በሩን ከውስጥ የዘጉት ግን ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ይህን ስል ድፍረት አይሁንብኝ።”

“ድፍረት ነው፤ ግን ቀጥይ።”

“ቅድም ‘አማርኛ የለውም?’ ሲሉኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ የመለስኩት ለምን ይመስልዎታል? እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ቋንቋ ነው። ያም ሆኖ ይህ ቋጠሮ መልሶ ባያስጠይቅዎ ኖሮ እስክወርድ አፌን አልከፍትም ነበር። ምኞት አምስት ዓመቷ ነው።”

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሙቀት የተሰማቸው ይመስል አንገታቸውን አሻሹ። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ምት አይወድቅም።

“እሺ፤ ዝም ብዬ ሰማኋት እንበል። በስዊድንኛ ስትመልስልኝ ተቀበልኩ። ታዲያ አማርኛው ካፏ የሚወጣው መቼ ነው?”

“መቼ እንደሚወጣ እኔ አላውቅም። ዋስ ልሆንዎ አልችልም። የማውቀው በጆሮ ያልገባ በአፍ እንደማይወጣ ነው። ካላስቸገርኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅ? ከዳጊስ እስከ ቤት ሲሄዱ ምን ይነግሯታል?”

“ምን እነግራታለሁ? ‘በአማርኛ ተናገሪ’ እላታለሁ።”

“ሌላስ?”

“‘አልሰማሁም’ እላታለሁ። ‘አያቴ በይኝ’ እላታለሁ። ‘አንቺ ኢትዮጵያዊ ነሽ’ እላታለሁ…”

ይህን ተናግረው አቆሙ። ሌላ ነገር ሊጨምሩ አስበው ነበር፤ ሲፈልጉ ግን አጡት። ከመስከረም ወዲህ ለዚያች ልጅ ተረት አልነገሯትም፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ አባቷ ልጅነት አንድም ነገር አላጫወቷትም። ሊያወርሷት የሚሟገቱለት አማርኛ ሁሉ ተጨልፎ ተጨልፎ ተግሣጽ ብቻ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ቋንቋ ማን ሊወርሰው ይፈልጋል? ሽማግሌው ይህን ራሳቸው አዩት፤ ማንም አልነገራቸውም። ሰው ከሚመከረው ይልቅ ራሱ የደረሰበት ይበልጥ ያመዋል።

ፌበን ፈራች መሰለኝ፣ ነገር ለማለዘብ “ደሴቱ ላይ የሚነገረው አማርኛ ነበር?” አለች።

“የለም፤ ዛይኛ ነው። እናቴ የደሴት ልጅ ናት። አባቴ ግን ከማዶ፣ ከየብስ የመጣ ዲያቆን ነው፤ አማርኛ ነበር የሚናገረው። መቂ ገበያ ደግሞ ኦሮምኛ ነው። እናቴ ዓሣ ይዛ ስትወጣ በዛይኛ ትጠራለች፤ ገዢው በኦሮምኛ ይከራከራታል፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ…”

“እርስዎ በምን ይመልሱላት ነበር?”

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ዓይናቸውን ወደ ቦርሳው መለሱ።

“በአማርኛ” አሉ። “አባቴ ስላስተማረኝ በአማርኛ መመለስ ይቀናኝ ነበር። እስክትሞት ድረስ እሷ በዛይኛ፣ እኔ በአማርኛ። አንድ ቀን እንኳ ‘አልሰማሁም’ ብላኝ አታውቅም።”

“ዛይኛው ታዲያ ጠፋብዎት?”

“ይጠፋል እንዴ? ነፍሷን ይማርና፣ የተናገረችው ሁሉ እዚህ አለ” ብለው ጆሯቸውን ነኩ። ከዚያም በዝግታ፣ ፌበን በማታውቀው በዚያ ቋንቋ፣ ጀልባ ሲገፋ እናታቸው ትለው የነበረውን ምርቃት አሉት። አንድ ቃል ሳይደናቀፉ ከዳር እስከ ዳር አወረዱት። ራሳቸውም ተገረሙ። ከአገር ከወጡ ወዲህ ይህን የሚሰማቸው ሰው አላገኙም ነበር።

“ይኸው፤ የፓፑዋን መንደር የሚያውቁትስ ለካ እርስዎ ነዎት” አለች ፌበን። “እኔ እዚያ ድረስ የሄድኩት እናትዎ መቂ ገበያ ላይ ያደርጉት የነበረውን ለማየት ነው።”

ሽማግሌው ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቁት ሳቅ ስለነበር አጠገባቸው ጋዜጣ የሚያነበው ስዊድናዊ ቀና ብሎ አያቸው። ባቡሩም የታመመው ሰው እርዳታ አግኝቶ ኖሮ ተንቀሳቀሰ።

ሪንከቢ ሲደርሱ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ተነሡና በሩ ላይ ዞር አሉ። ፌበን የምትወርደው ከሚቀጥለው ጣቢያ ነበር። “ያቺ ቅድም የተቆጣሁብሽ ቃል ማን ነበረች?” አሏት።

“ፎሽክኒንግ።”

“ፎሽክኒንግ” አሉ እንደምንም። “እግዚአብሔር ፎሽክኒንግሽን ይባርክልሽ።”

ዳጊሱ ሲደርሱ ልጆች ሁሉ ሄደው አልቀዋል። የምኞት ቀይ ካፖርት ከማንጠልጠያው ላይ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ይታያሉ። አስተማሪዋ ወደዚያ ልትሄድ ስትል አቶ ብርሃነ ሥላሴ በእጃቸው ከለከሏትና ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ወለል ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ መመለሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ አላሰቡትም።

“አባትሽ እንዳንቺ ትንሽ ሳለ” አሉ ለካፖርቱ፣ “ዝዋይ ወስጄው ከጀልባ ላይ ወደቀ። ዋና አይችልም። እኔ በድንጋጤ እጄን ስሰድ ጆሮውን ነበር ያገኘሁት። ባንድ ጆሮው ጎትቼ አወጣሁት። አፉን ሲከፍት አንድ ትንሽዬ ዓሣ ወጣች።”

ትንሿን ጣታቸውን ዘረጉ።

“ትንሽዬ” አሉ እንደገና። “ይህችን የምታህል።”

ካፖርቱ ተነቃነቀ። በካፖርቶቹ መካከል አንድ ዓይን ብቅ አለና የተዘረጋችውን ጣታቸውን አየ። ከዚያም ምኞት በስዊድንኛ፣ ዓሣዋ ሞተች ወይስ ዳነች ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ካፏ እንደወጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

አቶ ብርሃነ ሥላሴ ወደ ካፖርቶቹ ጠጋ አሉ። ያቺን የታወቀች ቃላቸውን መጠበቋን ዓይኗ ላይ አይተውታል። “ሰማሁሽ” አሉ። “ሰማሁሽ የኔ ልጅ። ዓሣዋማ ዳነች። ወደ ሐይቁ መለስናት።”

“ፋርፋር?” አለች በጥርጣሬ።

“አቤት።”

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ለማውራት ያስቸግራል። ከገና ጀምሮ የተጠራቀመ ወሬ ነውና ልጅቷ እየሮጠች በስዊድንኛ ታወርደዋለች፤ እሳቸው በአማርኛ ይከተሏታል። ከንግግሯ ግማሹ አልገባቸውም። “እሱ ምን ማለት ነው?” ሲሏት ቆማ በእጇና በእግሯ ታስረዳቸዋለች፤ ማስረዳቱ ሲያቅታት አማርኛ ቃል ትሰነቅርበታለች። ብርቅአየሁ ደረጃው ላይ የልጇን ድምፅ ሰምታ በሩን ከፈተች። የሁለቱን ድምፅ ባንድ ላይ ስትሰማ መቀነቷ እንደተፈታ ሰው ዘና አለችና በሩን ተደግፋ ቀረች። ሰኞን በሚመለከት ማንም ምንም አላነሣም። ሰኞ ሲደርስ ግን ከሥራ ቀደም ብላ አልወጣችም።

እንግዲህ ጥቅሙን በግልጽ እንናገር፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጻፈው ለዚሁ ነውና። ደጀኔ ከሥራ ሲገባ የሁለት ኩርፈኞች አስታራቂ መሆኑ ቀረለት፤ ቤት ውስጥ ስዊድንኛ ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብም ድጋሚ አላነሣውም። ብርቅአየሁ፣ ልጅዋን ባማርኛ ስታናግር የፈተና ደወል የተደወለ ይመስላት የነበረው ቀርቶ እንደ ማንኛዋም እናት ማውራት ጀመረች። ምኞት የአባቷን ልጅነት፣ የሐይቁን ታሪክ፣ ሌላው ቀርቶ የቅድመ አያቷን የዛይኛ ምርቃት ሰማች። አቶ ብርሃነ ሥላሴም ሳይሹት ጥቂት ስዊድንኛ አገኙ፤ ይህ ኪሳራ ከሆነ ደግ ኪሳራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አቶ ይግዛው የተባሉ ወዳጃቸው “ልጆቻችን እምቢ አሉን” ብለው ሲያማርሩ ሰምተው፣ “አንተስ ምን አጫወትካቸው?” ብለው ጠየቋቸው። አቶ ይግዛው እስካሁን መልስ እየፈለጉ ነው ይባላል።

አማርኛው ከልጅቷ አፍ መቼ ወጣ የሚል ሰው አይጠፋም። ፌበን ዋስ አልሆንም ብላ ነበርና ቀን ቆጥሮ የጠበቀ አልነበረም። ግንቦት ላይ፣ በረዶው ጠፍቶ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ በወጣበት ቀን፣ አያትና ልጅ ከዳጊስ ሲመለሱ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ሊያስደስቷት አስበው አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በስዊድንኛ ተናገሩ። ቃሉ ሁሉ ተንሻፎ ወጣ።

ምኞት ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ፊቷን በዚያ በታወቀው በአያቷ ኩርፊያ አጨፍግጋ፣ ድምፅዋንም እንደሳቸው አወፍራ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ “አልሰማሁም” አለች።

አቶ ብርሃነ ሥላሴ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ሳቃቸው መጣባቸውና መንገድ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ዕንባቸውን ሲጠርጉ ልጅቷ ጭናቸው ላይ ወጥታ ጆሯቸውን ይዛ ጎተተቻቸው፤ ልክ እሳቸው አባቷን ከሐይቁ ጎትተው እንዳወጡት።